ጓንዡ ላይ የጀመርኩት ዒዳ

የሀናን አባት፣

ካንተ በኋላ ሁለተኛው ቡና ቀላ። ሌላው ሰው ዓመቱንና ወሩን ይቆጥራል፤ እኔ ዛፉን ነው የማየው። አንተ ስትሞት ማድረቂያው አልጋ ላይ ተሰጥቶ የነበረው ቡና ተሽጦ፣ ተጭኖ፣ የማናውቀው አገር ሄዶ ተጠጥቶ አልቋል። ከዚያ ወዲህ እጅህ ያልነካው ቡና ሁለት ጊዜ ደረሰ። እንደምን ነህ ብዬ አልጠይቅህም። ያለህበትን አላህ ያስፋልህ፣ ያብራልህ። ደህና ነኝ የምለው ለሰው ነው፤ ላንተ እንደሱ አልልም።

ስለ ቤቱ ልንገርህ። ሀናን በቁመት አልፋኛለች። የአወቱ ወንዝ ባለፈው ክረምት ሞልቶ እስከ ጓሮው አጥር መጣና ተመለሰ፤ አንተ የተከልከው ዘይቱና ዘንበል ብሎ ቀርቷል፣ ግን ያፈራል። መጋዘኑን ወንድምህ ጀማል ይዞታል። በሩን አልቀየረም። ያ ሲከፈት የሚጮኸው ማጠፊያ እንዳለ ነው፤ ዘይት እንዳያደርግበት ለምኜዋለሁ፣ ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። እዚህ ጅማ መርካቶ ያለው ሱቄ ክፍት ነው። ጨርቁን አሁን ከአዲስ አበባ ነው የማስመጣው። ቻይና ሁለተኛ አልሄድኩም። የምተኛው አሁንም በግድግዳው በኩል ነው፤ ያንተ በኩል የታጠበ ልብስ አስቀምጥበታለሁ፣ አጥፌ ወደ ቁም ሣጥኑ ሳልመልሰው ይከርማል።

ሀናን ቡና ስትፈትሽ ማየት ነበረብህ። አንዷን ፍሬ ታነሳና በጥርሷ ትነክሳለች፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ትሰማለች፣ ከዚያ «ገና ነው» ትላለች። ማንም አላስተማራትም፣ ያንተው ነው። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ከመጋዘኑ ወጥቼ አጥሩን ይዤ ቆምኩ።

ለማንም ያልነገርኩት አንድ ነገር አለ። ሰው ደግ ሲሆንልኝ እፈራለሁ። ጎረቤታችን ያለ ወትሮዋ «ግቢና ሻይ ጠጪ» ስትለኝ ሰበብ ፈጥሬ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ባለባጃጁ ወርዶ እቃዬን ከተሸከመልኝ ሀናን የት ናት ብዬ ስልኬን እፈልጋለሁ። በቀደም የሥጋ ቤቱ ሰውዬ ጨምሮ መዘነልኝ። ሥጋውን ይዤ በጥድፊያ ቤት ገባሁ፣ ክፍል ለክፍል ዞርኩ። ሁሉም ደህና ነበሩ። ሰውዬው እንዲያው ደስ ብሎት ነበር።

ይህ ፍርሃት ከየት እንደመጣ ታውቅ ይሆናል። እዚያ ሆነህ ምን እንደምታውቅ፣ ምን እንደማታውቅ እኔ አላውቅም። ስለዚህ ሁሉንም እንደማታውቅ ሰው እነግርሃለሁ።

*

ዛሬ የምጽፍልህ በረውዳ ምክንያት ነው። አጋሮ አብራኝ ያደገችው ረውዳ፣ አንተ «ስትስቅ ጣራው የሚነሳው ልጅ» የምትላት። ቻይና፣ ጓንዡ ተቀምጣ ለነጋዴዎች እቃ እየገዛች የምትልከው። እናቷ አዴ ፋጡማ ዛሬ ጎህ ሲቀድ አረፉ። ዓስር ሶላት ላይ አጋሮ ቀበርናቸው። ካጠቧቸው ሴቶች አንዷ እኔ ነኝ። ልጅ ሆኜ እግሬን ያጠቡኝ ሴት ናቸው፤ ውሃውን በእጄ ሳፈስ እግራቸው ትንሽ ሆኖብኝ ተገረምኩ። አንተን ማን እንዳጠበህ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩም።

ረውዳ መንገድ ላይ ናት። እናቷን ልታይ ከወራት በፊት ትኬት የቆረጠችበት ጉዞ ነው። አዴ ፋጡማ ሲያርፉ እሷ ሰማይ ላይ ነበረች። ዛሬ ዱባይ አድራ ነገ ረፋድ ጅማ ትገባለች። ከዱባይ በኢሞ ደውላ ነበር። አክስቷ አነሳችና «እናትሽ ተኝታለች፣ አልቀስቅሳት» አለቻት። ይህን ያለችው ለቅሶ ቤት መሃል ቆማ ነው። እኛ ሴቶቹ ሁላችንም አፋችንን በሻርፓችን ያዝን። ረውዳ ከዚያ ማዶ «ቶሌ፣ እሺ፣ ትተኛ፣ እኔ መጥቼ ነው የምቀሰቅሳት» ስትል ይሰማ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጀማል ከሽማግሌዎቹ ጋር ቆሞ ጠራኝ። «ከኤርፖርት አንቺ ነሽ የምትቀበያት» አለኝ። «እኛን ካየች ትጠረጥራለች። አንቺ ጓደኛዋ ነሽ። እየሳቅሽ አምጫት። እዚህ ስትደርስ እኛ በወጉ እንነግራታለን፣ ሰው ይዘን፣ ውሃ ይዘን።» አንዱ ሽማግሌ ጨመሩበት፦ «ማሎ፣ እባክሽ ልጄ፣ መንገድ ላይ እንዳያመልጥሽ። መርዶ መኪና ውስጥ አይነገርም።»

እሺም እምቢም አላልኩም። ጀማል እሺ ያልኩ መስሎት ሄደ።

*

ጓንዡን የመጀመሪያዎቹን ቀናት አብረን አይተናታል፣ አንተ በስልክ፣ እኔ በእግሬ።

ሂጂ ያልከኝ አንተ ነህ። ባጃጅ ውስጥ ሆነን፣ ዝናብ ሸራውን እየደበደበው፣ ጉልበቴ ላይ የጨርቅ ጥቅል ይዤ። «ረውዳ እያለችልሽ ምን ያስፈራሻል?» አልከኝ። «እኔ ቡናውን ጥዬ አልሄድም፣ ደርሷል። አንቺ ሂጂና ለራስሽ አይተሽ ግዢ።» እኔ ከጅማ ብቻዬን ወጥቼ አላውቅም ነበር። ሐኪም ቤት እንኳ አንተ ነህ የምታደርሰኝ፣ በር ላይ ቆመህ ስሜ እስኪጠራ የምትጠብቀው።

ረውዳ ባትኖር ኖሮ ከአውሮፕላን ማረፊያው በር አልወጣም ነበር። ፊደላቸው እንደ ተደራረበ ጭራሮ ነው፤ የቱ መግቢያ የቱ መውጫ እንደሆነ አላውቅም። እዚያ አገር ኢሞ እንዲያው አይሠራም፣ በዘዴ ነው የሚከፈተው፤ ዘዴውን የምታውቀው ረውዳ ናት። ስምንተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ነበረቻት። አልጋዋን ለኔ ሰጥታ እሷ ወለሉ ላይ ተኛች። መንገድ ስንሻገር እጄን እንደ ሕፃን ትይዛለች። ከሻጮች ጋር በቋንቋቸው ስትከራከር ድምፅዋ ይቀየራል፣ የማላውቃት ሴት ትሆናለች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ይቺ ሌባ ናት። ዝም ብለሽ ነይ፣ ራሷ ትጠራናለች» ትለኛለች። እውነትም ትጠራናለች። ምግብ የምበላው እሷ ስትበላ አይቼ ነው። አገሩን ሁሉ በእሷ ዓይን ነበር የማየው፤ እሷ ያላሳየችኝ ነገር ለኔ አልነበረም።

ማታ ማታ አንተ ትደውላለህ። ራሱ ስለሚሄደው ደረጃ ስነግርህ ስቀህ ስቀህ ሳል ያዘህ። «ሃዳ ማናኮ» አልከኝ እንደ ወትሮህ፣ የቤቴ እናት ማለትህ ነው፣ «ደረጃ እየፈራሽ ነው ቻይናን ልትገዢ የሄድሽው?» ከዚያ እንደገና ሳልክ። ሳልህን ሰምቼዋለሁ። ሳል ብቻ ነበር የመሰለኝ። ያ ነው የመጨረሻው።

*

በማግስቱ ቀትር ላይ ማድረቂያው አጠገብ ውሃ ጠየቅክ አሉ። ውሃው ሲመጣ ጆንያ ላይ ተቀምጠህ ነበር አሉ። አንገትህን ዘንበል አድርገህ ነበር አሉ፣ የሆነ ነገር እንደሚሰማ ሰው። ሁሉንም «አሉ» እያልኩ ነው የምነግርህ፣ አላየሁማ። ያኑ ዕለት ተቀበርክ። እንደ ሃይማኖታችን ነው ያደረጉት፣ ልክ ናቸው፣ ቢነገረኝም አልደርስም ነበር። አልደርስም ነበር፤ ይህን ያልነገረኝ ሰው የለም።

እንዳይነገረኝ ተስማሙ። ብቻዋን ናት፣ ሰው አገር ናት፣ አንድ ነገር ትሆናለች ብለው። ለረውዳ ብቻ ነገሯት።

ያን ቀን ረውዳ ከመታጠቢያ ቤቱ ፊቷን ታጥባ ወጣች። ዓይኗ ቀልቶ ነበር። «ሳሙና ገባበት» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደግነቷ በረታ። መጀመሪያ ሻርፔን ወሰደችብኝ፣ አንተ ለዒድ የገዛህልኝን ብርቱካናማውን። «ይሄ ቆሻሻ ያሳያል» ብላ የራሷን ጥቁር ሰጠችኝ። ቀጥላ ጉትቻዬንና ቀለበቴን፦ «እዚህ ገበያ ወርቅ ይነጥቃሉ፣ ልያዝልሽ።» ሽቶዬን፦ «ጎረቤቴ ሽታ ያስነጥሳታል፣ ማሎ ተዪው።» ኩሌን ከቦርሳዬ አጣሁት፤ ስጠይቃት አላየሁም አለች። ከዚያ ገበያ መውጣትም ቀረ። «ሙቀቱ ይጎዳሻል» ትለኝና ናሙናውን ራሷ ተሸክማ ታመጣለች፣ ሊፍቱ በተበላሸ ቀን እንኳ በደረጃ፣ አልጋው ላይ ዘርግታ ታስመርጠኛለች። ላቧ በአገጯ እየወረደ። ፀሐይ ስትጠልቅ በሩን ትቆልፋለች።

ያኔ ያሰብኩትን ልንገርህ። አፍራብኛለች ብዬ አሰብኩ፣ የጅማ ሴት አጠገቧ ስትታይ። ቀጥሎ ደግሞ ገበያውን እንዳላይ የምታደርገው ልታታልለኝ ነው ብዬ አሰብኩ። አልጋዋን ለቃልኝ ወለል ላይ የተኛችውን ሴት። አንድ ቀን «እስረኛ አደረግሽኝ እኮ» አልኳት። ድስት እያማሰለች ነበር፤ አልዞረችም። «አይዞሽ፣ ትንሽ ነው የቀረሽ» አለች። ጀርባዋን ብቻ ነው ያየሁት። አሁን እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የሚመጣብኝ ያ ጀርባ ነው።

አንተ ግን ድምፅህ ጠፋ። ጀማል የድምፅ መልእክት ላከ፦ «ጌራ ጫካ ቡና ሊያይ ገብቷል። እዚያ ኔትወርክ የለም። ተረጋግተሽ ግዢ ብሏል።» አመንኩት። ቡና ሲደርስ ጌራ ትገባለህ፣ ስትገባ ትጠፋለህ፤ ለዓመታት የለመድኩት ነው። ውሸቱን አንተ ራስህ ነህ ያመቻቸህላቸው። ይህን ስጽፍ ትንሽ ሳቅኩ፣ ይቅር በለኝ።

ሁለት ነገር ከውስጤ አይወጣም።

አንዱ ዱዓው ነው። ጁምዓ ቀን ረውዳ ሥጋ አብስላ እዚያ ያሉትን አበሾች ጠራች። አንድ ቻይናዊ ሽማግሌም መጡ፣ ነጭ ቆብ ያደረጉ፣ ከመስጊዱ። «ለመንገድሽ ሰደቃ ነው» አለችኝ። ሽማግሌው ቁርኣን ቀሩ፣ ዱዓ አደረጉ። እኔ ሻይ እያዞርኩ አሚን አልኩ። አንዱ ሰውዬ ዓይኑን ሲጠርግ አየሁና «ቃሪያውን አብዝታበታለች» ብዬ ቀለድኩ። ሁሉም ሳቁ፣ ከሚገባው በላይ ሳቁ። የሀናን አባት፣ ያ ለነፍስህ የቀረበ ያንተ ሰደቃ ነበር። እንግዶችህን እየሳቅኩ አስተናገድኩልህ።

ሌላው ጫማው ነው። አንድ ጊዜ ብቻ አስወጣችኝ፣ እኔ ስላስቸገርኳት፣ ላንተ ጫማ ልገዛ። ጥቁርና ቡኒ አነሳሁና «የቱ ይሻለዋል?» አልኳት። ረውዳ ሁለቱንም ተቀብላኝ ረጅም ጊዜ ቆመች። ሻጩ ሳቀ፣ የሆነ ነገር አለ፣ አልተረጎመችልኝም። «ቡኒው» አለች በመጨረሻ። «ቡኒው ይሻለዋል። አፈር አያሳይም።»

አሁን ጀማል ነው የሚያደርገው። ቁጥራችሁ አንድ ነው። ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ሳየው ስላልቻልኩ ሰጠሁት። እውነትም አፈር አያሳይም። ግቢውን ሲያቋርጥ ድምፁን እሰማለሁ፣ አንተ አድርገኸው የማታውቀውን የጫማህን ድምፅ።

*

ስመለስ ከአዲስ አበባ በመኪና መጣሁ። ጅማ ሳልደርስ ሰኮሩ ላይ ጀማል ቆሞ ጠበቀኝ። ሻይ አዘዘልኝ። ከዚያ ቦርሳዬን አነሳ። ጀማልን ታውቀዋለህ፣ የሴት ቦርሳ ከሚሸከም ቢቀጣ ይመርጣል። ቦርሳዬ እጁ ላይ ሲወዛወዝ አየሁት፤ ለምን ብዬ ግን አልጠየቅኩም። እስከ ጅማ ድረስ ስለ ጓንዡ አወራሁ፣ ስለ ደረጃው፣ ስለ ሙቀቱ፣ ማንም ሳያቋርጠኝ። ቤት ስደርስ አንተ አሁንም ጌራ ነህ፣ ሀናንም አክስቷ ጋ ናት አሉኝ። ጫማውን ሣጥኑን ከፍቼ በርህ ሥር አስቀመጥኩልህ። ተኛሁ። ከሱብሒ ሶላት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ሽማግሌዎቹ ገቡ፣ ሴቶቹ ሀናንን ይዘው ገቡ፣ አንዷ ውሃ ይዛ ነበር። የቀረውን አላስታውስም። ሀናን ታስታውሳለች፣ አልነግርሽም ትለኛለች።

ቀጥሎ ሸሁ መጡ። ስለ ዒዳዬ ጠየቅናቸው፣ ባል የሞተባት ሴት ሳትኳል፣ ሽቶ ሳትነካ፣ ሳታጌጥ ከቤቷ ስለምትቀመጥበት አራት ወር ከአሥር ቀን። «የሚቆጠረው ከሰማሽበት ቀን አይደለም፣ እሱ ከሞተበት ቀን ነው» አሉኝ። «ያለፈው አልፏል። ሳታውቂ ያደረግሽው አይያዝብሽም።»

ሳላውቅ ምን እንዳደረግኩ አሰብኩ። ሽቶ አልተቀባሁም። አልተኳልኩም። ወርቅ አላደረግኩም። ጥቁር ሻርፕ አድርጌ ነበር። ጫማህን ልገዛ ከወጣሁበት በቀር ከቤት አልወጣሁም። ሲመሽ በሩ ተቆልፎብኝ ነበር።

ረውዳ አስቀምጣኝ ነበር። ስምንተኛ ፎቅ ላይ፣ በማላውቀው ከተማ፣ ለኔ ሳትነግረኝ ዒዳህን አስጀምራኝ ነበር። በአንድ እጇ እየዋሸችኝ በሌላው ያንተን ሐቅ ትጠብቅልህ ነበር።

ላመሰግናት ይገባ ነበር። ወይ ልቆጣት። ሁለቱንም አላደረግኩም። በዒድ ትደውላለች፣ እንኳን አደረሰሽ ትለኛለች፣ እንኳን አብሮ አደረሰን እላታለሁ፣ ከዚያ የዘመድ ደህንነት እንጠያየቅና ስልኩን እንዘጋለን። ፊት ለፊት የምንተያየው ነገ ነው። እየሳቅሽ አምጫት።

ብስቅላት ታምነኛለች፣ እኔ እንዳመንኳት። ከዚያ ያንን መኪና ዕድሜዋን ሙሉ ታስታውሰዋለች፤ ምን እንደቀለደች፣ ሹፌሩ እንዴት እንዳያት፣ እኔ ምን ያህል ደግ እንደነበርኩ። የሰው ደግነት ያስፈራታል። ይህን ለረውዳ እንዴት አድርጌ እሰጣታለሁ?

አንተ ብትኖር ነክሰኸው ትነግረኝ ነበር። ገና ነው ትል ነበር፣ ወይ ደርቋል። የኔ ጥርስ አይሰማም።

ልነግራት ነው።

*

ነገርኳት። ይህን የምጽፈው ከአጋሮ ተመልሼ ነው፣ ሦስቱ የለቅሶ ቀናት ካለፉ በኋላ።

ቀይ ሻንጣ እየጎተተች ወጣች። ወፍራለች። ከሩቅ «አንቺ አሮጊት፣ ምነው አላረጅም አልሽ» ብላ ጮኸችና አቀፈችኝ። እንዳትጠረጥር ብዬ ቢጫ ሻርፕ አድርጌ ነበር። ጫፉን ይዛ አየችው። «አልሐምዱሊላህ» አለች ቀስ ብላ፣ «ቀለም ጀመርሽ።» ሻንጣዋን ልይዝላት እጄን ሰደድኩ፣ ጀማል ትዝ አለኝና መለስኩት። ራሷ ጎተተችው።

መኪናው ውስጥ አንድ ከረጢት ጭኗ ላይ አቅፋ ተቀመጠች። «የእማዬ ፔርሙዝ ነው» አለችኝ። «ጠዋት የሞላሽው እስከ ማታ ያቃጥላል። ሻዬ በረደ እያለች ሰፈር ስታስለቅስ አልነበር? አሁን አፏን አዘጋታለሁ።» ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝ። ነግረውታል። ከጅማ ስንወጣ ቡናው በየደጁ ሸራ ላይ ተሰጥቶ ነበር፣ ቀይ፣ አንዳንዱ ጠቁሮ። መስኮቱን ከፈተች። «እዚያ ሆኜ የሚናፍቀኝ ይሄ ሽታ ነው እንጂ እናቴ እንዳትመስልሽ» ብላ ሳቀች። ጣራው ተነሳ። እኔም ሳቅኩ። የሳቅኩት እውነቴን ነው፣ ይህን ስነግርህ አፍራለሁ፤ ሳቋ እንደዚያ ነውና።

የቡ ከተማን እንዳለፍን ሹፌሩን አቁም አልኩት። «ኧረ እህቴ፣ ሽማግሌዎቹ እኮ» አለና የገዛ አፉን ሰምቶ መኪናውን ወደ ዳር አወጣ። ረውዳ እሱን አየች። እኔን አየች። ከረጢቱን ጠበቅ አደረገችው።

«ማን ነው?» አለችኝ።

«እናትሽ» አልኳት። «ትናንት ጎህ ሲቀድ። ዓስር ላይ ቀብረናቸዋል። ካጠቧቸው ውስጥ እኔም ነበርኩ።» ያዘጋጀሁት ሌላ ነበር፤ ለስላሳ፣ ረጅም። እሱ ሳይወጣ ይሄ ወጣ።

አልጮኸችም። «ተኝታለች አሉኝ እኮ» ብቻ አለች። ከቦርሳዋ ሶፍት አወጣችና የከንፈሯን ቀለም ጠረገች፣ ቀስ እያለች፣ ምንም እስከማይቀር። ጉትቻዋን አወለቀች። እጇን ዘረጋችልኝ። በቦርሳዬ ጥቁር ሻርፕ ይዤ ነበር፣ የጓንዡውን፣ የራሷን። ሰጠኋት። ስታየው አወቀችው። አሰረችው። ሹፌሩን «እንሂድ» አለችው።

አጋሮ ስንደርስ ሽማግሌዎቹ ተደርድረው ነበር። ሴቶቹ ውሃውን ይዘው፣ ስትወድቅ ሊይዟት እጃቸውን አሰናድተው ቆመው ነበር። በመካከላቸው አልፋ ገባች፣ የእናቷ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ያ ሁሉ የተሰናዳ እጅ ባዶውን ቀረ። ጀማል «ማን ነገራት?» አለ። አክስቷ ጥያቄውን ለኔ አሳለፈችው፣ በዓይኗ። «የእናቷን ሞት መኪና ውስጥ፣ እንደ ገበያ ወሬ» አለች። እስከምመለስ ሰላም አላለችኝም።

ልክ ነኝ እያልኩ ሳህን አጠብኩ። በማግስቱም ልክ ነኝ እያልኩ ሳህን አጠብኩ።

በሦስተኛው ቀን ሰው ሲቀንስ ረውዳ ጓሮ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ፔርሙዙን ይዛ ነበር፤ ለለቀስተኛው ሁሉ ሻይ ስትቀዳበት ነው የከረመችው። ለኔም ቀዳችልኝ። ያቃጥል ነበር።

«አልተቆጣሁሽም» አለችኝ መጀመሪያ። ከዚያ ወደ አጥሩ እያየች «ግን እስከ አጋሮ ድረስ እናት ይኖረኝ ነበር» አለች። «ከየቡ እስከዚህ። ያቺን መንገድ አስቀረሽብኝ። እኔ ያንቺን ስንት ቀን ይዤልሻለሁ።»

ሻዩን እያቃጠለኝ ጠጣሁት። አመሰግናለሁ አልኳት። ስለ ሻዩ መስሏት ይሆናል። ላይመስላትም ይችላል፣ እጄን ይዛ ነበር፣ ጓንዡ መንገድ ስታሻግረኝ እንደነበረው።

*

አሁን ቤት ነኝ። ልክ የቱ እንደነበር አላውቅም፣ ከእንግዲህም የማውቀው አይመስለኝም። አንድ ነገር ግን ከአጋሮ ይዤ ተመለስኩ።

ሰዎች ያንን ቀትር ያውቃሉ። ለጀማል፣ ለሸሁ፣ ለመቃብር ድንጋይህ ከዚያ ቀትር ወዲያ አንተ የለህም። እኔ ጋ ግን ነበርክ። ከዚያ ቀትር በኋላ አንተ ጌራ ጫካ ውስጥ ነበርክ፤ ቦቲ ጫማህ ጭቃ ይዞ፣ ፍሬ እየነከስክ፣ ኔትወርክ አጥተህ ስልክህን ወደ ሰማይ እያነሳህ። ልትደውልልኝ ነው ብዬ ስልኬን ደረቴ ላይ አድርጌ ተኛሁ። ቅር አለኝ፣ ተቆጣሁህ፣ እስክመለስ ይቆየኝ አልኩ። ጫማ አማረጥኩልህ። ሴት በሕይወት ካለ ባሏ ጋር የምታደርገውን ሁሉ አደረግኩ። እነዚያን ቀናት የኖርካቸው እኔ ጋ ብቻ ነው፣ የያዘችልኝ ደግሞ ረውዳ ናት፣ ጀርባዋን ሰጥታ ድስት እያማሰለች።

እስከ ዛሬ የተሰረቅኳቸው ቀናት ናቸው እያልኩ ነው የኖርኩት። ከእንግዲህ እንደሱ አልልም። ሌላ ማንም ሊያስታውሳቸው አይችልም፣ ማንም አልነበረባቸውምና። እኔ በሕይወት እስካለሁ ከዕድሜህ ላይ አላወርዳቸውም። መቼ ሞተ ብለው ሲጠይቁኝ ለሰው ትክክለኛውን ቀን እነግራለሁ። ላንተ የማስበው ግን ጌራን ጨምሬ ነው።

የመጋዘኑ በር ጮኸ። ጀማል ዘግቶ ወደ ቤቱ ሊያልፍ ነው። ጫማው ጠጠሩን ሲረግጥ ይሰማኛል፣ በመስኮቴ ሥር እየመጣ ነው። ቀና ብዬ አላይም። እስኪያልፍ ድረስ አንተ ነህ።

ሃዳ ማናኬ፣ የቤትህ እናት